የድንጋይ ከሰል ግርድ ምንድን ነው? አመድ አይደለም

«እንግሊዞች መንገዳቸውን በከሰል አመድ ሞልተው ነው የሠሩት» የሚል ነገር ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። አንዱማ «አመድ ላይ መንገድ ሠርቶ ማን ይከርማል?» ብሎ ተሳለቀ። ወንድሜ፣ አመድ ነው ያለህ ማን ነው? ወሬው ስለ ከሰል ግርድ ነው።

ምስር ሲለቀም የሚወጣው ጠጠርና ከድስቱ ሥር የሚዛቀው አመድ አንድ ናቸው? ጠጠሩ እሳት አላየም። ግርድ የምለውም እንደዚያ ነው። ከከሰሉ ጋር ተቆፍሮ የወጣ፣ በእጥበት የተለየ ድንጋይ ነው፤ በአብዛኛው ሼል የሚባለው ከጭቃ የጠጠረ ድንጋይ። አመዱ ከሰሉ ነድዶ የሚቀረው ነው። እሱም ለሙሌት ይውላል፤ ጠባዩ ግን ሌላ፣ ፍተሻውም ሌላ።

ለቃሚዋ ከቸኮለች ታዲያ ምስሩም ከጠጠሩ ጋር ይጣላል። በድሮ ክምሮች ውስጥ ብዙ ከሰል የቀረው ለዚህ ነው። ልል ሆኖ የተቆለለ ግርድ አየር ይገባዋል፣ ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ ከዚያ ማንም ሳይለኩሰው ይነድዳል። ዓመታት ነድዶ ሲበርድ እንደ ሸክላ ይቀላል። ለሙሌት ሲሆን ግን በስሱ እየተነጠፈ በሮለር ይጠቀጠቃል። አየር ካጣ በምን ይነድዳል?

«አበርፋንስ?» ይሉኛል። በዌልስ፣ አበርፋን በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የግርድ ክምር ተንዶ 144 ሰው ገደለ፤ 116ቱ ልጆች ነበሩ። እውነት ነው። ግን ያ ሙሌት አልነበረም። ተራራ ላይ፣ ያውም ምንጭ ላይ፣ ሳይጠቀጠቅ የተደፋ ቁልል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ፣ ማንም የማያነሳው ሰልፌት ነው፤ ድኝ ያለበት ጨው ማለት ነው። ነድዶ የቀላው ግርድ «ነድዶ አልቋል፣ ጣጣ የለውም» ተብሎ በእንግሊዝ ብዙ ቤቶች ወለል ሥር ተሞላ። እሳቱስ አልቋል። ሰልፌቱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ወደ ኮንክሪቱ ይዘልቃል፣ ኮንክሪቱም ያብጣል። ወለሉ መሀሉ ላይ እንደ አክምባሎ ይጎብጣል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል። ያልነደደው ጥቁሩም ቢሆን ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ካለበት ውሎ አድሮ ሰልፌት ያወጣል።

ስለዚህ ለመንገድ ሙሌት ከሆነ፣ ውሃው በደንብ ይፍሰስለት እንጂ፣ አምጡልኝ። ኮንክሪት አጠገብ ግን የላብራቶሪውን ወረቀት ሳላይ አንድ ባሬላ አላስገባም።