ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሚጠፋ ፖሊመር ምንድን ነው?

ከጃን አሞራ ወይም ከቋራ ጎንደር ድረስ መጥታ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ አስታማሚዎቿን የሚያሳስባቸው የክሩ ነገር ነው። መቼ ይወጣል? ለእሱ ሲባል ያን ሁሉ መንገድ እንደገና መምጣት ግድ ነው? የላይኛው ቆዳ የተሰፋው በናይለን ከሆነ አዎ፣ ክሩን የሚያወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል። ማህፀኑ የተሰፋበት ክር ቪክሪል ከሆነ ግን ማንም ሳይነካው ከ56 እስከ 70 ባሉት ቀናት ውስጥ ከሰውነቷ ይጠፋል። ቪክሪል የሚሠራው በፋብሪካ ተቀምሞ ሰውነት ውስጥ እንዲፈርስ ከተዘጋጀ ፖሊመር ነው።

ፖሊመር ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታልም ፖሊመር ነው። ፌስታልንና ቪክሪልን የሚለያቸው ሰንሰለቱ የተያያዘበት ማሰሪያ ነው። በፌስታል ውስጥ ካርቦን ከካርቦን ጋር ስለተያያዘ ውሃ አይበጥሰውም፤ በቀሃ ወንዝ ዳር የተጣለ ፌስታል ክረምት በክረምት ላይ ቢፈራረቅበትም የማይበሰብሰው ለዚህ ነው። የቪክሪል ማሰሪያ ግን ኤስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኤስተርን ውሃ ይበጥሰዋል። ሰውነታችን ደግሞ በውሃ የተሞላ ነው። ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ግላይኮሊክ አሲድና ላክቲክ አሲድ ይሆናል። ላክቲክ አሲድ ስንሮጥ ጡንቻችን ራሱ የሚያመነጨው ስለሆነ ሰውነት አወጋገዱን ያውቅበታል። ከክሩ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ውሃና በትንፋሽ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ከዚህ በፊት ሥራውን ይሠራ የነበረው ከበግና ከከብት አንጀት የሚዘጋጀው ካትገት ነበር፤ በክሮሚየም ጨው የታከመውን ባለሙያዎች ክሮሚክ ይሉታል። ካትገት ፕሮቲን ስለሆነ የሚያፈርሱት የሰውነት ኢንዛይሞች ናቸው። ቁስሉ ካመረቀዘ ኢንዛይሙ ስለሚበዛ ክሩ ያለጊዜው ይላላል፤ አካባቢውንም የበለጠ ያስቆጣል። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሟሚ ክር ዴክሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ ቪክሪል በ1974 ተከተለ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የመጥፊያው ጊዜ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ግላይኮሊክ አሲድ ውሃ ስለሚስብ ቶሎ ይፈርሳል፤ ላክቲክ አሲድ ውሃን ስለሚያርቅ ይዘገያል። ኬሚስቱ የሁለቱን መጠን በመቀያየር ዕድሜውን ይወስናል። 90 በመቶው ከግላይኮሊክ፣ 10 በመቶው ከላክቲክ የሆነው ቪክሪል በሁለተኛው ሳምንት ሦስት አራተኛ ያህል ጥንካሬው አለው፤ በሦስተኛው ግማሽ ያህሉ ይቀረዋል። ለማህፀን ይህ ይበቃል። የሆድ ግድግዳን የያዘው ጠንካራ ሽፋን ግን ለመግጠም ወራት ስለሚወስድበት፣ ስድስት ወር ገደማ የሚቆየው ፖሊዳይኦክሳኖን የተባለ ክር ይሻለዋል። ለአጥንት የሚሠራ የንጹህ ፖሊላክቲክ አሲድ ብሎን ደግሞ ፈርሶ እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል።

ይኸው ሐሳብ መድኃኒትንም ለውጧል። መድኃኒቱ በደቃቅ የፖሊመር እንክብሎች ውስጥ ተቀምጦ በመርፌ ይሰጣል፤ ፖሊመሩ በፈረሰ ቁጥር መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሉፕሮላይድ በዚህ መልክ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ለዚሁ ካንሰር የሚሰጠው ጎሰረሊን ደግሞ በሆድ ቆዳ ሥር ተቀብሮ 28 ቀን ይሠራል። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ሕመምተኛ በየቀኑ ከመወጋት በወር አንድ ጊዜ መወጋት ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ጊዜው ካልገጠመ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። በጠበበ የልብ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ በሦስት ዓመት ገደማ እንዲጠፋ የተሠራው አብዞርብ የተባለ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) በአሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ቢያገኝም፣ ከብረቱ ስቴንት ይልቅ ደም የማርጋት አደጋው በዝቶ ተገኘ፤ በ2017ም ሽያጩ ተቋረጠ።

ስለ አያያዙም ልናገር፤ ይህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ክሩን ሰውነት ውስጥ የሚያፈርሰው ውሃና ሙቀት መጋዘን ውስጥም ያፈርሰዋል። እርጥበት በማያስገባ ፎይል የሚታሸገውና ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ለተቀመጠችው ጎንደር ይህ ያን ያህል አይከብድም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት መተማ ግን መጋዘኑ ራሱ የክሩን ዕድሜ ይበላል። በፋብሪካ ከጀርም የሚጸዳው በጋዝ ነው። ከፓኬቱ ወጥቶ የተረፈውን ክር በኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት በሚያጸዳ መሣሪያ) ቀቅሎ እንደገና መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ትኩስ እንፋሎት ማሰሪያውን ይበጥሳል፣ በዓይን ሲታይ ግን ክሩ ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ስፌቱ ሲለቅ ነው።

ተሰፍታችሁ ከሆስፒታል ስትወጡ ላይኛው ቆዳ በምን ክር እንደተሰፋ ጠይቃችሁ መልሱን በቀጠሮ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ። ክሩ ሟሚ ቢሆንም የቁስል ማሳያ ቀጠሮው አይቀርም። ከሳምንታት በኋላ የክሩ ቋጠሮ በቆዳው በኩል ብቅ ቢል አትጎትቱት፤ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይቆርጥላችኋል። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሂዱ።