«አንተ ማን ነህ፥ ልጄ?»

ይስሐቅ አርጅቷል፤ ዓይኑም ፈዟል። ሊባረክ ምግብ ይዞ የገባውን ልጅ መለየት ስላልቻለ «አንተ ማን ነህ፥ ልጄ?» ብሎ ጠየቀ። ያዕቆብም «የበኵር ልጅህ ዔሳው ነኝ» አለው።

ዘፍጥረት 27ን ባነበብኩ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አላልፍ ትለኛለች። አባት የገዛ ልጁን ማንነት ይጠይቃል፤ ልጅ የወንድሙን ስም ይሰጠዋል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ውሸቱ አያስፈልግም ነበር። ልጆቹ ገና በማኅፀን ሳሉ እግዚአብሔር ለእናታቸው ለርብቃ «ታላቁ ለታናሹ ይገዛል» ብሏታል። የተሰረቀው በረከት ሊሰጥ የታሰበ ነገር ነው። እኛም አብዛኛውን ጊዜ የምናታልለው መጠበቅ ሲያቅተን ነው።

ያዕቆብ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ «አባቴ ቢዳስሰኝስ?» ነው ያለው። ጭንቀቱ ቢነቃብኝስ የሚል ነበር። እናቱም «እርግማንህ በእኔ ላይ ይሁን» ብላ አደፋፈረችው። ወላጆች፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም እንበል። በር ሲንኳኳ ልጃችንን «አባባ የለም በላቸው» ስንል ትንሽ ነገር ትመስላለች። ልጁ ግን መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን ከሚያምነው ሰው ይማራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይስሐቅ «እንዴት ፈጥነህ አገኘኸው?» ሲለው፣ ያዕቆብ «እግዚአብሔር አምላክህ ስላቀናልኝ» አለ። ሥጋው የአደን አልነበረም፤ ከመንጋው መካከል የተያዙ ጠቦቶች ናቸው። የእግዚአብሔርን ስም ለውሸቱ ምስክር አድርጎ ጠራ።

እኛስ? በሐሰተኛ ወረቀት ሥራ ይገኛል፤ እሁድ «ጌታ በር ከፈተልኝ» ይባላል፤ ጉባኤውም እልል ይላል። እኔ ራሴ ያልሠራሁበትን ጊዜ የሥራ ልምዴ ላይ ጨምሬ ተቀጥሬ፣ ቆሜ ምስጋና ያቀረብኩበት ቀን አለ። ማንም አላወቀብኝም። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት መጸለይ ከበደኝ። ተንበርክኬ ቃል ይጠፋብኝ ነበር። በውሸቴ ላይ ያስመሰከርኩትን አምላክ ማታ ምን ልበለው?

ለያዕቆብም ነገሩ በበረከቱ አላበቃም። ርብቃ ከዔሳው ቁጣ እንዲሸሽ «ጥቂት ቀን ከላባ ጋር ተቀመጥ» ብላ ወደ ወንድሟ ሸኘችው። ጥቂት ቀን የተባለው 20 ዓመት ሆነ። እናትና ልጅ ዳግመኛ መተያየታቸውን መጽሐፍ አይነግረንም። በላባ አገር በካራን፣ የላባን ልጅ ራሔልን ለማግባት 7 ዓመት አገለገለ፤ ከሠርጉ ማግስት ሲነጋ ግን አጠገቡ ታላቅ እህቷን ልያን አገኘ። «ለምን አታለልኸኝ?» ብሎ ሲጮህ የላባ መልስ «በአገራችን ታናሺቱ ከታላቂቱ በፊት አትሰጥም» የሚል ነበር። የታላቁን ቦታ ለወሰደ ሰው ይህ ምን ያህል አጥንት የሚሰብር ቃል ነው! ኋላም ልጆቹ የሚወደውን ልጁን የዮሴፍን ልብስ፣ አውሬ የበላው እንዲመስል በፍየል ደም ነክረው አመጡለት። እርሱ አባቱን ያታለለው ጠጕራሙን ዔሳውን ለመምሰል እጁን በፍየል ቆዳ ሸፍኖ ነበር። 22 ዓመት ያህል፣ በሕይወት ላለ ልጅ አለቀሰ።

እግዚአብሔር ቂም ይዞበት ነው አልልም። ወንድሙን ሸሽቶ ሲሄድ ቤቴል ላይ «እኔ ከአንተ ጋር ነኝ» ያለው እርሱ ነው። ምሕረት አልተለየውም። የዘራው ግን በገዛ ቤቱ በቀለ።

ከካራን ሲመለስ፣ በያቦቅ ወንዝ ዳር ብቻውን ቀረ። አንድ ሰው እስከ ንጋት ታገለው። ያዕቆብ «ካልባረክኸኝ አልለቅህም» አለ። ያን ጊዜም በረከት ሲፈልግ ያው ጥያቄ መጣ፤ «ስምህ ማን ነው?»

«ያዕቆብ ነኝ።»

ዔሳው በቁጭት «ሁለት ጊዜ አሰናክሎኛልና በእውነት ስሙ ያዕቆብ ተባለ» ያለበት፣ «አሰናካይ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው። እርሱን መናገር መናዘዝ ነበር። እስራኤል የሚለው ስም የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

በትግሉ ጭኑ ተነክቶ ነበርና እያነከሰ ወደ ወንድሙ ሄደ። «የእናትህ ልጆች ይስገዱልህ» ተብሎ የተባረከው ሰው፣ ለእናቱ ልጅ 7 ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ዔሳው ሮጦ አቀፈው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያዕቆብ አስቀድሞ ከ500 በላይ እንስሳ ልኮለት ነበር። ዔሳው «ለእኔ ብዙ አለኝ» ሲል፣ ያዕቆብ «በረከቴን ተቀበለኝ» ብሎ ለመነው። ግድ ቢለው ዔሳው ተቀበለ።