የማስትሪኽቱ የዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን
በደቡብ ኔዘርላንድ፣ በማስትሪኽት ከተማ፣ ከፍሬይትሆፍ አደባባይ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የሚገኘው የዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መጽሐፍ የሚሸጥበትና ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው። በ1294 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተባርኮ ለ500 ዓመት ያህል ዶሚኒካውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ሲያገለግሉበት ኖሯል።

በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ጦር ከተማዋን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ተወረሰ፣ መነኮሳቱም ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ያላስተናገደው ነገር የለም፦ የፈረስ ጋጣ፣ መጋዘን፣ የሙዚቃና የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የካርኒቫል መጨፈሪያ፣ በመጨረሻም የብስክሌት ማቆሚያ ሆኗል። ለማንኛውም ነገር መዋሉ ምናልባት ከመፍረስ አድኖታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚቸገር ሰው ነበረውና።

በ2005 እና 2006 ታድሶ የመጽሐፍ መደብር እንዲሆን ሲታሰብ ወለሉ አልበቃ አለ። መደብሩ 1,200 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ወለሉ ግን ከ750 ብዙም አይዘልም። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ፎቅ ከግድግዳው ጋር አያይዞ መሥራት አይታሰብም። መርክስና ጂሮድ የተባሉት የአምስተርዳም አርክቴክቶች ያገኙት መፍትሔ ፎቁን የቤት ዕቃ ማድረግ ነበር። 30 ሜትር ርዝመትና 18 ሜትር ከፍታ ያለው ጥቁር የብረት መደርደሪያ በአንደኛው ወገን ዐምዶቹን በመካከሉ አድርጎ ቆመ። ደረጃውና አሳንሰሩ በራሱ ሆድ ውስጥ ናቸው፤ የሚቆመውም በራሱ እግር ነው። አንድ ቀን ይነሣ ቢባል ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። መጋዘኑ፣ መጸዳጃ ቤቱና የቴክኒክ ዕቃው ደግሞ ከወለሉ በታች በተቆፈረ ምድር ቤት ገቡ።

ክብደቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመጽሐፍ የተሞላ አንድ ሜትር መደርደሪያ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብረት የተመረጠው በቀጭን ምሰሶ ብዙ ስለሚሸከም ነው፤ እንጨት ቢሆን ኖሮ ወፍሮ እይታውን ይጋርድ ነበር። በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ መደርደሪያ አለመቆሙ ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ብልሃት ነው። በሌላው ወገን ያሉት መደርደሪያዎች ዝቅ ያሉ በመሆናቸው ከበር የገባ ሰው የጣሪያውን ቁመት ሙሉ በሙሉ ያያል።

ወደ ላይኛው ፎቅ የወጣ ሰው ከምድር ሆኖ በቅጡ የማይታየውን ነገር በቅርብ ያገኛል፦ ያን ፋሰንስ በ1619 በጣሪያው ቅስቶች ላይ የሳላቸውን ሥዕሎች። ከዚህም የሚቀድም በ1337 የተሳለ የግድግዳ ሥዕል አለ፤ የዶሚኒካዊውን መነኩሴና የሃይማኖት ሊቅ የቅዱስ ቶማስ አኳይናስን ሕይወት የሚያሳይ ነው፣ ቀለሙ ግን በእጅጉ ደብዝዟል። መሠዊያው በነበረበት ጫፍ ቡና ቤቱ አለ፤ መካከሉ ላይ የተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ የመስቀል ቅርጽ አለው። ይህን ድፍረት የሚለው አለ፣ አክብሮት የሚለውም አለ።

መደብሩ በ2006 መጨረሻ ተከፈተ፤ በ2007 የአገሪቱን የሌንስፌልት የውስጥ ዲዛይን ሽልማት አገኘ። ብረቱ ሳይነቃነቅ የከሰረው ንግዱ ነው፦ ባለቤት የነበሩት የመጽሐፍ መደብር ሰንሰለቶች በ2012 እና በ2014 ተከታትለው ወደቁ። በሁለተኛው ጊዜ ሠራተኞቹ ሕዝቡን ገንዘብ ጠይቀው፣ በተዋጣው ገንዘብ መደብሩን ራሱን ችሎ እንዲቆም አደረጉት፤ ስሙንም የዶሚኒካውያን መጻሕፍት ቤት አሉት።