ሶናርና ጂፒኤስ ለትንሽ ጀልባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰሜን ሸዋ የሐይቅ አገር አይደለም። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ግን አይጠፋም። ጀማና ወንጭት ላይ በመንጠቆ የሚያጠምድ አለ። ከጣርማ በር ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አልፎ እስከ ወሎው ሐይቅ (ሐይቅ ከተማ አጠገብ እስካለው) የሚዘልቅ አለ። በምንጃር በኩል ወደ ከሰም ግድብና ወደ ቆቃ የሚያቀናም አለ። የእነዚህ ሰዎች ወሬ ድሮ ስለ መረብና ስለ መንጠቆ ነበር። አሁን ከውሃ ሥር ያለውን የሚፈልገው ሶናርና ያላችሁበትን ቦታ የሚነግረው ጂፒኤስ ገብቶበታል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «ያቺን ዕቃ ይዘህልኝ ና» ማለት ተለምዷል። ዕቃዋ ርካሽ አይደለችም። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የሚወራውን እናጥራው።

«ሶናር ከውሃ ሥር ያለውን ዓሣ እንደ ካሜራ ያሳያል»

አያሳይም። ሶናር የሚሠራው በድምፅ ነው። ከጀልባው ሥር የሚታሰረው ትራንስዱሰር ወደ ታች ድምፅ ይለቃል፣ ነጥሮ ሲመለስ ይቀበላል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል። መሣሪያው ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስክሪኑን ሲያነብ ነው። የሚታየው ሥዕል አሁን ከሥራችሁ ያለው ውሃ ይመስላል። አይደለም። በቀኝ ጠርዝ ያለችው ቀጭን መስመር ብቻ ናት «አሁን»። ወደ ግራ የተገፋው ሁሉ ያለፈ ነው። ስክሪኑ መሀል ላይ ዓሣ አይቶ እዚያው ሥሩ መንጠቆ የሚጥል ሰው ጀልባው አልፎት የመጣውን ዓሣ ነው የሚፈልገው። ሌላም አለ። ጀልባው ቆሞ ሳለ አንድ ዓሣ ከሥሩ ቢቆም ስክሪኑ ላይ ረጅም መስመር ይሰመራል። «ዘንዶ የሚያህል ዓሣ አየሁ» የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው። መስመሩ የሚናገረው ዓሣው ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየ ነው፤ ርዝመቱን አይደለም።

መሣሪያው ራሱ የሚስላቸው ትንንሽ የዓሣ ምስሎች ደግሞ ግምት ናቸው። የአየር አረፋም፣ የሰመጠ ቅርንጫፍም ዓሣ ሆኖ ይሳላል። ቁጥቋጦና ዛፍ ውሃ የዋጠበት ግድብ ላይ ይህ በጣም ያሳስታል። እኔ ምስሎቹን አጥፍቶ ጥሬውን ምልክት ማንበብ መልመድ ይሻላል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ያሰለቻል፤ በኋላ ግን ጭቃውን ከድንጋዩ መለየት ትጀምራላችሁ። ጠንካራ ወለል ድምፁን አጥብቆ ይመልሳል፣ ለስላሳ ጭቃ ግን ይውጠዋል።

አምባዛ ለሚፈልግ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገር። ከዓሣ አካል ድምፅን በደንብ የሚመልሰው ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ነው። የአምባዛ ከረጢት ትንሽ ነው። ዓሣው ራሱ ደግሞ ጭቃው ላይ መተኛት ይወዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ባዶ ቢሆንም ከሥራችሁ አምባዛ ሊኖር ይችላል። ቆሮሶ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሲዋኝ ከእሱ የተሻለ ይታያል።

«ዋቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሻጮች የሚወዱት ወሬ ይህ ነው። አንዱ ካርቶን ላይ 4,000 ዋት፣ ሌላው ላይ 500 ዋት ተጽፎ ታያላችሁ። ሁለቱ እኩል ጉልበት ሊኖራቸው ይችላል። የመጀመሪያው የጫፍ ለጫፍ ልኬት ነው፣ ሁለተኛው የአማካይ ነው፤ ልዩነታቸውም ስምንት እጥፍ ነው። ስታወዳድሩ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ዓይነት ልኬት የተጻፉ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ደግሞስ ጉልበቱ ለምን? ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ዝዋይ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ላንጋኖ ወደ 48 ሜትር ይደርሳል። የወሎው ሐይቅ ጠለቅ ይላል፣ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እሱንም ቢሆን አንድ ተራ አነስተኛ ሶናር ያለ ችግር ወለሉን ያገኘዋል። ለባሕር ዓሣ አስጋሪ የተሠራ ጉልበት ገዝቶ ዝዋይ ላይ መውጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

«ጀልባው ላይ ካለ ዙሪያውን ያያል»

ተራው ሶናር የሚያየው ቁልቁል ብቻ ነው። ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ አይታየውም። ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ጨረር ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል። በ200 ኪሎኸርዝ የድምፅ ሞገድ የሚሠራውና 20 ዲግሪ የሚከፈተው የተለመደው ዓይነት የሚሸፍነው ክብ ስፋቱ የጥልቀቱን ሲሶ ያህል ነው። 10 ሜትር ውሃ ላይ 3.5 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ዝዋይ ላይ፣ በ2.5 ሜትር ውሃ፣ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ሶናሩ በአብዛኛው ጥልቀት መለኪያ ነው፤ ዓሣ ፈላጊ ሊባል አይችልም።

በ83 ኪሎኸርዝ የሚሠራው ሰፋ ይላል። 60 ዲግሪ ከተከፈተ ስፋቱ ከጥልቀቱ ይበልጣል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ለሚሠራ ሰው እሱ ይሻለዋል። ሁለቱንም ሞገድ የሚያወጣ ከተገኘ ደግሞ ጥሩ። ወደ ጎን የሚያየው ሳይድ ስካን ዝቅተኛ ውሃ ላይ ጠቃሚ ነው፤ ጀልባው ግን በዝግታና በቀጥታ መሄድ አለበት። በመቅዘፊያ በሚሄድ፣ ንፋስ በሚያዞረው ታንኳ ላይ ሥዕሉ ይጣመማል።

«የሶናር ድምፅ ዓሣውን ያባርራል»

ቆሮሶም አምባዛም ይህን ድምፅ አይሰሙትም፤ ከመስማት አቅማቸው እጅግ የራቀ ቀጭን ድምፅ ነው። የሚያባርራቸው ጀልባው ወለል ላይ የወደቀው መቅዘፊያ ነው።

«ጂፒኤስ ያለ ሲም ካርድና ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»

ይሠራል። ጂፒኤስ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደየትም አይደውልም። የስልካችሁም ጂፒኤስ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል። ኔትወርክ የሚጠይቀው ካርታው ነው። ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ከሄዳችሁ ጉዳዩ አለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ የመረቡን ቦታ መዝግቦ በማግስቱ ማግኘት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ውሃ በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ስልክ ይበቃዋል። ለብቻው ጂፒኤስ ይግዛ አልልም።

ስልክ ሜዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር ድረስ ሊስት ይችላል። በጀማ ሸለቆ ግን ሌላ ነው። ገደሉ ሰማዩን ስለሚጋርደው የሚታዩት ሳተላይቶች ያንሳሉ፣ ምልክቱም ከቋጥኝ ላይ እየነጠረ ይመጣል። እዚያ ውድ መሣሪያም ቢሆን ይስታል።

አንድ የአጻጻፍ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው። ጓደኛ «11 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ» ብሎ የሰጣችሁን ቦታ 11.20 ብላችሁ ብታስገቡ ነጥባችሁ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። 20 ደቂቃ የዲግሪ ሲሶ ስለሆነ ትክክለኛው 11.333 ነው። የወሎው ሐይቅ ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መረባችሁን ተራራ ላይ ልትፈልጉት ነው።

«ውዱን ከገዛሁ የሐይቃችን ካርታ አብሮ ይመጣል»

አትቁጠሩበት። ከእነ ጋርሚን፣ ሎውራንስና ሀሚንበርድ መሣሪያዎች ጋር የሚመጡት ዝርዝር የጥልቀት ካርታዎች የተሠሩት በዋናነት ለሌሎች አገሮች ውሃ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት «የኢትዮጵያ ካርታ አለው?» ብቻ አይሁን። «እየሄድኩ የራሴን የጥልቀት ካርታ ይሠራልኛል?» ብላችሁም ጠይቁ። ይህን የሚችሉ አነስተኛ መሣሪያዎች አሉ፤ እኔ ትርፍ ገንዘብ የማወጣው ለዚህ ነው።

ግድብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ክረምት ላይ የሠራችሁት ካርታ በበጋ አይሠራም። ውሃው ለመስኖ ሲለቀቅ ይጎድላል፤ ትናንት 6 ሜትር የነበረው ቦታ ጉቶው ወጥቶ መረብ ይቀድዳል። ካርታው ላይ ቀኑን ጻፉበት።

«ባትሪ ነገር ቀላል ነው፣ ከየትም ይገኛል»

እኔ ዕቃው ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። ባለ 5 ኢንች ሶናር ባብዛኛው ከግማሽ እስከ አንድ አምፔር ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነችውን ትንሽ ሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜዋን ይቆርጠዋል። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው 3.5 አምፔር ሰዓት ነው። ስክሪኑን አድምቃችሁ ከሠራችሁ ከአራት ሰዓት አያልፍም። ሌሊት ለሚያድር ሰው አይበቃም። ሊቲየሙ ይቀላል፣ ጠልቆ ቢወርድም ብዙ አይጎዳም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሞተር በስታርተር የሚነሳበት ባትሪ ላይ ሶናር አትቀጥሉ። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና ሶናሩ ጠፍቶ ይነሳል። ለብቻው ባትሪ ስጡት፣ ፊውዝ ጨምሩበት፣ ኬብሉንም ከሞተሩ ኬብል አርቁት። አለበለዚያ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል።

«የትም ቢታሰር ያው ነው»

ትራንስዱሰር በሥሩ አረፋ ካለፈ ታወረ ማለት ነው። ከሞተሩ ራቅ ብሎ፣ ውሃው ለስላሳ ሆኖ በሚያልፍበት ይታሰር። በፋይበር ጀልባ ውስጥ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ድምፁን በግድግዳው የሚያሳልፍ ዓይነት አለ። በእንጨት ጀልባ ግን አይሠራም፤ በደንገል ታንኳም እንዲሁ፣ ውስጡ አየር ነው። ለእነሱ በዘንግ ላይ ታስሮ ከጎን ወደ ውሃ የሚገባው ይሻላል። ጀልባ ለሌለው ደግሞ በክር የሚወረወር ኳስ የሚመስል ሶናር አለ። ራሱ በሚፈጥረው ዋይፋይ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከወንዝ ዳር ለሚያጠምድ የጀማ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው።

የውሃ መከላከያውንም እዩ። አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ያለዚህ ጽሑፍ «ውኃ አይፈራም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ እለፉት። በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ መከራከር ጥሩ አይደለም።

ዕቃው ቤት እንደደረሰ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ነክሮ መሞከር የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ሶናሮች ከግማሽ ሜትር በታች በሆነ ውሃ ጥልቀት አይለኩም። ባልዲ ውስጥ ቁጥሩ ቢዘላብድ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ውሃ ላይ ሞክሩት፤ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስም ካርቶኑን አትጣሉ።