የራግቢ ዳኛ በእግር ምት ሕግ ላይ ምን ያህል ጥብቅ ይሁን?

ድሬ የእግር ኳስ ከተማ ናት። በ1976 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ከአዲስ አበባ ጋር ተካፍላ አስተናግዳለች፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም የምድብ ጨዋታዎቿን ያደረገችው እዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ዳኛ መከራከር ማንም አያስተምረንም። ራግቢ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከዚራም ሆነ ሳቢያን ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ የቅዳሜውን ጨዋታ የሚጠብቅ ሰው፣ ቻናሉ ሲቀያየር ድንገት ራግቢ ላይ ካረፈ፣ ግር የሚለው ግፊያው አይደለም፣ ምቱ ነው። ኳሱ ሽቅብ ይመታል፣ ሰው ከሥሩ ይሮጣል፣ ፊሽካ ይነፋል። "አቦ፣ ምን አጠፋ?" ይላል አንዱ። ጥያቄው ትክክል ነው። ራግቢን የሚኖሩት ሰዎችም ለዓመታት የሚነታረኩበት ነው።

መጀመሪያ ምቱ ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። በራግቢ ኳስን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ወደ ፊት የሚኬደው ወይ ተሸክሞ በመሮጥ ነው ወይ በመምታት። ስለዚህ ምት ማለት መሬት መግዣ ነው። ነጥብም ያመጣል፦ ቅጣት ምትና ድሮፕ ጎል (በጨዋታ መሃል ኳሱን መሬት አንጥሮ ጎል ላይ መምታት) 3 ነጥብ፣ ከትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት) በኋላ የሚመታው ኮንቨርዥን ደግሞ 2። ሕጉን የሚያወጣው ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብሊን ያለው ወርልድ ራግቢ ሲሆን መጽሐፉ 21 ሕጎች አሉት። የምት ነገር በአንዱ ብቻ አያልቅም፣ በብዙዎቹ ውስጥ ተበትኗል።

አንዳንዱ የምት ሕግ የመስመር ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። በጨዋታ መሃል ከራስህ 22 ሜትር መስመር (ከጎል መስመርህ 22 ሜትር ርቆ የተሰመረው) ውጭ ሆነህ ኳሱን ሳይነጥር በቀጥታ ወደ ጎን ካወጣኸው፣ ውርወራው የመታህበት ቦታ ትይዩ ይመለሳል። ከራስህ ሜዳ መተህ ኳሱ ነጥሮ በተጋጣሚ 22 ውስጥ ከወጣ ደግሞ ውርወራው የአንተ ነው፤ ይሄ በ2021 ለሙከራ የገባው "50፡22" የሚባለው ነው። ወይ ነጥሯል ወይ አልነጠረም፣ አለቀ።

ክርክሩ የሚጀምረው ኦፍሳይድ ላይ ነው። የእኛ ሰው ኦፍሳይድ ሲባል የሚያስበው ስለ መጨረሻው ተከላካይ ነው። በራግቢ ግን የሚታየው የራስህ መቺ ነው፤ ጓደኛህ ሲመታ ከፊቱ ከነበርክ ኦፍሳይድ ነህ። ከፊት መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ጨዋታው ውስጥ ከገባህ ግን ትቀጣለህ። ኳሱን ሊይዝ ለሚጠብቀው ተጋጣሚ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ካለህ ደግሞ መቆምም አይበቃም፣ ወዲያው ወደ ኋላ መመለስ አለብህ።

በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ነበር። ኳሱን የያዘው ተጋጣሚ 5 ሜትር ከሮጠ ወይም ካቀበለ፣ ከ10 ሜትሩ ውጭ ኦፍሳይድ የነበሩት ሁሉ ነጻ ይሆኑ ነበር። ታዲያ ማን ይሮጣል? ሁለቱም ቡድን ቆሞ ኳሱን ወዲያና ወዲህ መላላክ ሆነ ሥራው፤ ሠላሳው ተጫዋች ሜዳ ላይ ሆኖ የሚጫወቱት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ። ቀዳዳውን በብልጠት በተጠቀመበት በፈረንሳዩ አንቷን ዱፖን ስም "የዱፖን ሕግ" ተባለ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድና ፈረንሳይ ኤዲንብራ ላይ ሲጫወቱ ይሄው ነገር ተመልካቹን አሰለቸ፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ ቀዳዳው ተዘጋ። አሁን ኦፍሳይድ ያለ ሰው ለመመለስ መሞከር ግዴታው ነው። እዚህ ላይ ዳኛውን መውቀስ ልክ አልነበረም። የተጻፈውን ነው ያስከበረው፣ ጽሑፉ ነበር የተበላሸው።

ተቃራኒው የሆነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝም እሱ ነው። ኳስ ሽቅብ ሲመታ የተቀባዩ ጓደኞች ወደ ኋላ የሚመለሱ መስለው፣ አሳዳጁ እንዳይደርስ መንገዱን ያጥሩ ነበር። አጃቢ እንደማለት ነው። ሕጉ ድሮም ይከለክላል፣ ዳኞች ግን ያልፉት ነበር። በ2024 መጨረሻ ወርልድ ራግቢ ዳኞቹን "ይሄን በጥብቅ ያዙ" አላቸው። አንድ ቃል አልተጨመረም፣ አንድ ቃል አልተሰረዘም። ጨዋታው ግን ተለወጠ። አሳዳጆች መንገድ አገኙ፣ የአየር ላይ ሽሚያው በዛ፣ ረጅምና ዘላይ የክንፍ ተጫዋች ተፈላጊ ሆነ። ኳስ ከእጅ እየሾለከ ስክረሙ (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው ለኳስ የሚገፋፉበት) በዛ ብለው ያማረሩም አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጥብቅነቱን እደግፋለሁ። ኳሱን በአየር የመታ ቡድን ለመሻማት ዕድል ከሌለው፣ መምታቱ ራሱ ትርጉም የለውም።

ሰው አየር ላይ ሲሆን ደግሞ ድርድር የለም። እግሩ መሬት የለቀቀን ተጫዋች መግፋትም መጎተትም መያዝም ክልክል ነው። ዳኛው የሚያየው ሁለቱም በእውነት ኳሱን ሊይዙ ይችሉ እንደነበርና ሰውየው በምኑ እንደወደቀ ነው። ኳሱ ላይ ሊደርስ የማይችል ሰው ዘላዩን ገጭቶት በጀርባው ወይም በጎኑ ከወደቀ ቢጫ፣ በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ ከወደቀ ቀይ። "ሆን ብሎ አይደለም" የሚለው ክርክር እዚህ ብዙ አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም። አንገት ነው የምናወራው።

ኮንቨርዥን ላይ ነገሩ ይረቅቃል። ተከላካዮች ከጎል መስመራቸው ጀርባ ሆነው ይጠብቃሉ፤ መቺው ወደ ኳሱ ለመሄድ በየትኛውም አቅጣጫ መንቀሳቀስ ሲጀምር መሮጥ ይችላሉ። በ2023 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ቼስሊን ኮልቤ እንደ ጥይት ወጥቶ የቶማስ ራሞስን ኮንቨርዥን በእጁ መለሰው። ጨዋታው 29 ለ 28 በደቡብ አፍሪካ አሸናፊነት አለቀ። የመለሰው 2 ነጥብ ነበር፣ ልዩነቱ 1። ፈረንሳዮች ቀድሞ ወጥቷል ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የራሞስ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ የቱ ነው? ትከሻው ሲነቃነቅ ወይስ እግሩ ሲነሳ? ሕጉ "በየትኛውም አቅጣጫ" ካለ ጥቅሙ ለሯጩ ነው መሆን ያለበት።

በትናንሹ ነገር ላይ ግን ዳኛ ላላ ቢል ደስ ይለኛል። ቅጣት በፍጥነት ሲጀመር ኳሱ ከእጅ ወጥቶ በእግር መነካቱ መታየት አለበት፣ እሺ። ግን አንድ ሜትር ከቦታው ፈቀቅ አለ ብሎ ፊሽካ መንፋት ፈጣኑን ቡድን መቅጣት ነው፤ ጥፋት የሠራው ደግሞ ሌላኛው ነበር።

ሰዓትን በተመለከተ ሁሉም የሚያነሳው የ2022ቱን የሜልበርን ጨዋታ ነው። አውስትራሊያ ኒውዚላንድን 37 ለ 34 እየመራች ነው፣ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በርናርድ ፎሊ ቅጣት ምቱን ወደ ጎን ማውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ዘገየ። ፈረንሳዊው ዳኛ ማትዩ ሬናል ሰዓቱን አቁሞ ምታ አለው፣ ፎሊ ግን አልቸኮለም። ሬናል ኳሱን ነጥቆ ለኒውዚላንድ ስክረም ሰጠ፣ ከዚያ በመጣው ትራይ 39 ለ 37 ተሸነፉ። ብዙ ሰው ዳኛውን ረገመ። ሕጉ ግን ቅጣት ምት ሳይዘገይ ይመታ ነው የሚለው፣ ሰውየውም ተነግሮታል። ቅር የሚለኝ "ሳይዘገይ" ስንት ሴኮንድ እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ከ2023 ጀምሮ ጎል ላይ ለሚመታ ቅጣት ምት በስክሪን የሚታይ የ60 ሴኮንድ ሰዓት መጥቷል። ወደ ጎን ለሚወጣውም ያው ሰዓት ይደረግለት፤ ያኔ ፎሊም ሬናልም እኩል ያዩታል።