የድመት የቆሽት ብግነት ምንድን ነው?

ክፉኛ የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። በድመት ላይ ግን ነገሩ አባባል ሆኖ አይቀርም፤ ቆሽቷ በእርግጥ የሚያርበት በሽታ አለ።

ቆሽት ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጎን የተጋደመ ቀጭን ዕጢ ነው። ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሥጋና ስብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችንም ይሠራል። ኢንዛይሞቹ ሥራ መጀመር ያለባቸው አንጀት ሲደርሱ ነው። ገና ቆሽት ውስጥ ሳሉ ከነቁ ግን የተሠሩበትን ዕጢ ራሱን መፍጨት ይጀምራሉ። ብግነቱ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አይገኝም።

አስቸጋሪው ነገር ድመት ሕመሟን መደበቋ ነው። ብዙዎቹን ጭራሽ አያስመልሳቸውም። ፒያሳ ባለው ቤታችን ቅዳሜ የሥጋ ጥቅል ሲፈታ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ድመታችን ነበረች። አንድ ቅዳሜ ቀረች። ቁም ሣጥን ሥር እግሮቿን ከሆዷ በታች ሰብስባ ተኮራምታ አገኘኋት። ቁራጭ ሥጋ ባስጠጋላት አሸተተችና ፊቷን አዞረች፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» እንላለን። አመሏን የረሳች ድመት ካየሁ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳድርም፤ ወደ ሐኪም ነው።

የድመት የቆሽት ቱቦ ከሐሞት ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ወደ አንጀት ይገባል። ስለዚህ ጉበቷና አንጀቷም ብዙ ጊዜ አብረው ይታመማሉ፤ ድዷና ዓይኗ ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ ያያል፤ ከቆሽት ወደ ደም የፈሰሰውን ሊፔዝ (ስብ የሚፈጨውን ኢንዛይም) የሚለካ ምርመራም አለ።

ሕክምናው ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የማስመለስ ማቆሚያና ምግብ ነው። ምግቡ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ጎረቤታችን «ሆዷ ይረፍ፣ አታብሏት» ብለውን ነበር፤ በቅንነት ነው፣ ግን አደገኛ ምክር ነው። ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፤ የወፈረችው ደግሞ የባሰ ትጎዳለች። እምቢ ካለች በአፍንጫዋ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ትመገባለች። ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ግን በፍጹም አትስጧት፤ ግማሽ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ደጋግሞ የተቆጣ ቆሽት ጠባሳ ያበጃል፤ ኢንሱሊኑ ሲያንሰው የስኳር በሽታ ይከተላል። ምልክቱ ውኃ ማብዛት ነው። የእኛዋ እስካሁን አላበዛችም፤ የውኃ ሳህኗን ግን በየማለዳው አያለሁ።