በዐቢይ ጾም ፎቶግራፍን ለጸሎት ማዋል፦ በወሎ ቅዱሳት መካናት

ፎቶግራፍን ለጸሎት ማዋል ማለት አንድን ነገር ረጋ ብሎ አይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ፣ ማታ በምስሉ ፊት መጸለይ ነው። ልማዱ የተስፋፋው በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን፣ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይና በተመስጦ መቆየት የሚሉት አራት ደረጃዎች ካሉት ከገዳሞቻቸው የንባብ ሥርዓት ጋር ይቀራረባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተደነገገ ሥርዓት አይደለም፤ ስግደትንም ቅዳሴንም አይተካም። ሆኖም በሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሞ መጸለይን ለሚያውቅ ምእመን ባዕድ አይሆንበትም። የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ይላል፤ መቶ ማንሳት እየተቻለ በአንድ መወሰን የዓይን ጾም ነው።

የጾሙ ሳምንታት ስምና ወንጌል ስላላቸው ርእስ ፍለጋ አያስቸግርም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዘወረደ («የወረደው»)፣ የሚወርድ ነገር ይታያል። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ አናት ወደ 12 ሜትር ገደማ ስለሚጠልቅ፣ ጠዋት ጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል ፀሐይ ሲያገኘው ግርጌው ገና ጥላ ነው። ብርሃኑ በግድግዳው ቀስ እያለ እስኪወርድ ቆሞ መጠበቅ ከፎቶው ይበልጣል። በደብረ ዘይት፣ ማለትም በጾሙ እኩሌታ፣ የሚነበበው የምጽአት ወንጌል ስለ ደመና ይናገራል፤ በልግ ከጣለ ደግሞ የአምባሰል ተራሮችና የግሸን አምባ ጉም ይለብሳሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው አራተኛው ሳምንት፣ መጻጉዕ ነው። ወንጌሉ 38 ዓመት ስለታመመው ሰው ነውና ጀማሪ ሁሉ በደጀ ሰላም የተቀመጡ ነዳያንን ለማንሳት ይቸኩላል። ይህ ስህተት ነው፤ የሰው ሕመም ለሌላው ማሰላሰያ ዕቃ አይሆንም። ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑን በር ደፍ ማየት ይሻላል። ስንት ዘመን በባዶ እግር ተረግጦ መሐሉ ጎድጉዷል፣ ጠርዙም ለስልሷል። ጉድጓዱ የሚታየው ግን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመስላል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከቤት ሳይወጡ የሳምንቱን ወንጌል ማንበብ፤ ቦታው ሲደርሱ ስልኩን ሳያወጡ 10 ደቂቃ መቆም፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አንስቶ ስክሪኑን ሳያዩ ወደ ኪስ መመለስ። ምስሉ ማታ ይከፈታል፤ ሌላ 10 ደቂቃ ዝም ብሎ ታይቶ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደገማል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ያየ ሰው ይደግማል፣ የደገመ ያወዳድራል፣ ጸሎቱም ወደ ሥራ ይለወጣል።

ካሜራው ራሱም ያታልላል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፀሐይ ላይ ሲነሳ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) በ1 ከፍ ማድረግ ያሻል። በሰባተኛው ሳምንት፣ በኒቆዲሞስ፣ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣውን እንግዳ በማሰብ ጧፍ ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጨለማውን ለማብራት ሲታገል ነበልባሉን ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ዝቅ ይደረጋል። ዋይት ባላንሱ (የቀለም ማስተካከያው) አውቶ ላይ ከሆነ የላሊበላ አለት ቅላቱን ያጣል፤ የፀሐይ ምልክቱ ላይ ማድረግ ይበቃል። ከላስታ የንጋት ብርድ ሰው ወደሞላበት ቤተ መቅደስ ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ በጨርቅ ከመፈግፈግ ጥቂት መታገስ ይሻላል።

ፍላሽ የግድግዳ ሥዕልና ብራና ባለበት ፈጽሞ አይበራም። ለማንሳት ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ይቀድማል፤ መቅደሱ፣ ቁርባንና የሚሰግድ ሰው ፊት አይነሳም። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ የስልክ ድምፅ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ይሰማል። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ፎቶው ጠዋት ያልቃል፤ ለቅዳሴ ስልኩ ይጠፋል።

ጾሙ 55 ቀን ቢሆንም በቀን አንድ የሚነሱት ምስሎች 49 ናቸው። በሆሣዕና ማታ ካሜራው ይቀመጣል፤ ሰሙነ ሕማማት የስግደት ነው። እስከዚያ የተነሱት ምስሎች በቀሩት 6 ቀናት በቀን 8 ያህል እየሆኑ በተራ ይታያሉ። ጾም በስውር ይሁን ተብሏልና ለሰው የሚታይ ካለ ከፋሲካ በኋላ ይወጣል።